ማጂክ ኪንግደም ከነአያት ከነልጅ፦ የትኛውን አስቀደምን፣ የትኛውን አቆየን

ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በፍሎሪዳ፣ ከኦርላንዶ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ አራት የመዝናኛ ፓርኮችን በአንድ ላይ የያዘ እጅግ ሰፊ ግቢ ነው። ከአራቱ በዕድሜ ቀዳሚውና አብዛኛው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው በኦክቶበር 1971 የተከፈተው ማጂክ ኪንግደም ነው። እኛ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን፣ የ2017 ዓ.ም. የነሐሴ ጉዞአችንን ያቀድነው ለስድስት ሰው ነበር፤ ለእኔና ለባለቤቴ፣ የአሥራ ሁለት፣ የስምንትና የአራት ዓመት ለሆኑት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ክረምቱን ከእኛ ጋር ልታሳልፍ ከአዲስ አበባ ለመጣችው እናቴ። እንዲህ ዕድሜው የተራራቀ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉንም አይቶ መውጣት እንደማይቻል ከመነሻው ቢቀበል ይሻለዋል። ትኬቱ ውድ ነው፤ በግቢው ውስጥ ከትኬቱም ይበልጥ የሚወደደው ግን ሰዓቱ ነው። ስለዚህ ዝርዝራችንን ማዘጋጀት የጀመርነው ከሁለት ጥያቄዎች ተነሥተን ነበር፤ ከእኛ መካከል ማን ይሳፈርበታል? ወረፋውስ በየትኛው ሰዓት ይቀላል?

ወቅቱን የመረጥነው የትምህርት ቤቶችን መክፈቻ አይተን ነው። የፍሎሪዳ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከኦገስት 10 አካባቢ ጀምሮ ሲከፈቱ፣ የእኛ አካባቢ ልጆች ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ዕረፍት ላይ ናቸው። በዚህ መሃል ያሉት ቀናት ከጁንና ከጁላይ ይልቅ ሕዝቡ ረገብ የሚልባቸው ናቸው። ችግሩ ያ ወቅት ጾመ ፍልሰታ መሆኑ ነበር። እናቴ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለውን ጾም አስታጉላ የማታውቅ ሰው ስለሆነች፣ «ለሽርሽር ብዬማ አልገድፍም» አለች፤ እኛም ነገሩን ደግመን አላነሣንም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ ሰው ደግሞ በፍሎሪዳ የነሐሴ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ሊጎተት አይገባም። ስለዚህ ቀኑን ለሁለት ከፈልነው፤ በማለዳ መግባት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ወደ ሆቴል መመለስ፣ እሷ ጾሟን ከፈታች በኋላ ደግሞ አመሻሹ ላይ ዳግመኛ መግባት። በዚያው ቀን ወጥቶ ወደዚያው ፓርክ መመለስ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ይህ ለጾም ተብሎ የወጣ ሥርዓት ለማይጾመውም እንደሚበጅ ያየነው እዚያው ነው፤ በቀትርና ከቀትር በኋላ ባሉት ሰዓታት ወረፋው ይረዝማል፣ ሙቀቱም ይከብዳል፣ በክረምት ወራት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የማይመጣበት ቀን ጥቂት ነው። መብረቅ ሲቀርብ ደጅ ያሉት መጫወቻዎች በሙሉ ይቆማሉና፣ በዚያ ሰዓት ፓርኩ ውስጥ ያለ ሰው በጣሪያ ሥር ተጨናንቆ ይጠብቃል፤ እኛ ግን ሆቴል ተኝተን ነበር።

ቀጥሎ የሠራነው ሥራ ቁመት መለካት ነው። ብዙ ወላጅ ይህን ነገር ወረፋ ከጨረሰ በኋላ በር ላይ ይደርስበታል፤ እንደ እኔ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ማጣሪያ መሆን ያለበት እሱ ነው። ልጆቹን ጫማቸውን አስጠልቀን ከግድግዳ ጋር አቆምናቸውና በእርሳስ ምልክት አደረግን። በሞተር ብስክሌት ቅርጽ በተሠራ መቀመጫ ላይ ወደ ፊት ተደፍተው የሚፈተለኩበት ትሮን የተባለው ሮለር ኮስተር 48 ኢንች፣ ማለትም 122 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። ስፔስ ማውንቴን 44 ኢንች (112 ሴንቲ ሜትር)፣ ቲያናስ ባዩ አድቬንቸር የተባለው የውኃ መውረጃ 40 ኢንች (102 ሴንቲ ሜትር)፣ ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬን የተባለው የማዕድን ባቡር ደግሞ 38 ኢንች (97 ሴንቲ ሜትር) ይፈልጋሉ። ሴቷ ልጃችን 119 ሴንቲ ሜትር ሆና ተገኘች። ትሮንን ለማግኘት የቀራት ሦስት ሴንቲ ሜትር መሆኑን ስትሰማ፣ በጫማዋ ውስጥ ካልሲ ደራርባ ተመልሳ መጣችና እንደገና እንድትለካ ጠየቀች። እዚያው ሳሎን ውስጥ አልቅሳ እዚያው ነገሩን መርሳቷ፣ ፓርኩ በር ላይ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከመመለስ ምን ያህል እንደሚሻል ለወላጅ መንገር አያስፈልግም። ትንሹ 100 ሴንቲ ሜትር ስለነበር የማዕድን ባቡሩን ይገባል፤ ቲያናን አይገባም። በዚህ መንገድ ዝርዝሩ ገና ስለ ጣዕምና ስለ ዝና ሳናወራ በራሱ ጊዜ አጠረ።

በዚያው ሰሞን ለእድሳት የተዘጉትንም አይተን ሰረዝናቸው። ቢግ ተንደር ማውንቴን የተባለው ሮለር ኮስተር ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ተዘግቶ ስለነበር ታላቁ ልጃችን ቅር ቢለውም፣ የሚያውቀው አስቀድሞ ነውና ሌላ መረጠ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ዋናው ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የወረፋ ርዝመት የአንድን መጫወቻ ጥሩነት አይነግርም፤ የሚነግረው በሰዓት የሚመጣው ሰው ብዛትና መጫወቻው በሰዓት የሚያስተናግደው ሰው ብዛት ምን ያህል እንደማይመጣጠኑ ነው። ፒተር ፓንስ ፍላይት ፓርኩ ከተከፈተበት ሳምንት ጀምሮ ያለ፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ ለስለስ ያለ የልጆች ጉዞ ነው፤ ሆኖም አንዷ ትንሽ መርከብ የምትይዘው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ስለሆነ ወረፋው ቀኑን ሙሉ አይቀንስም። በአንጻሩ የካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎችን የሚያሳየው ጉዞ በአንድ ጀልባ ብዙ ሰው ይጭናል፤ ሃውንትድ ማንሽን የተባለው የመናፍስት ቤት ደግሞ መቀመጫዎቹ ሳይቆሙ እየተከታተሉ ስለሚያልፉ፣ ወረፋው ደጅ ድረስ ተዘርግቶ ቢታይም ሲራመድ ይውላል። ስለዚህ ዝርዝሩን በሁለት ረድፍ ጻፍነው። በአንደኛው ረድፍ ጥቂት ሰው የሚጭኑና ቤተሰባችን የሚፈልጋቸው ገቡ፤ እነዚህ የማለዳ ወይም የመዝጊያ ሰዓት ሥራዎች ናቸው። በሁለተኛው ረድፍ ብዙ ሰው የሚያስተናግዱት ገቡ፤ እነሱን በማንኛውም ሰዓት፣ በተለይም ጥላና ቀዝቃዛ አየር ስንፈልግ፣ እናገኛቸዋለን ብለን ተውናቸው። ደምቦ የተባለው የሚበር ዝሆን ለምሳሌ ቀድሞ ረጅም ወረፋ ነበረው፤ በ2012 ሁለተኛ ተሽከርካሪ ሲጨመርለትና የሚጠብቁ ልጆች የሚጫወቱበት ክፍል ሲሠራለት ነገሩ ቀለለ። ስለዚህ ትንሹ ልጃችን አብዝቶ ቢጠይቀውም ከማለዳው ዝርዝር አወጣነው።

በዚህ ላይ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የማይቀርበትን አንድ ነገር ብቻ እንዲመርጥ ሕግ አወጣን። ታላቁ ትሮንን መረጠ፤ ሴቷ የማዕድን ባቡሩን፤ ትንሹ ደምቦን። ባለቤቴ ስፔስ ማውንቴን አለ፤ በ1975 የተከፈተ፣ በጨለማ ውስጥ የሚነዳ ሮለር ኮስተር ነው። እናቴ ሥዕሎቹን አይታ አይታ «ቁጭ ብዬ የማየው ይሁን» አለች። የሌላው ሰው ምርጫ እስኪሟላ ድረስ ማንም ሁለተኛ ምርጫውን አያነሣም። ይህ ሕግ ከተባለ በኋላ በፓርኩ ውስጥ ክርክር አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ «ለማለት ይቻላል» ያልኩት አይስክሬሙን ትቼ ነው።

ወረፋውን ለማሳጠር በክፍያ ስለሚሰጠው ላይትኒንግ ሌን ብዙ ተማከርን። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንደኛው ዓይነት በርካታ መጫወቻዎችን የሚያካትት ሲሆን፣ አስቀድመው ሦስት ይመርጣሉ፤ በማጂክ ኪንግደም ከተፈላጊዎቹ ምድብ አንድ፣ ከሌላው ምድብ ሁለት መሆኑ ነው፤ ከዚያ አንዱን ሲጠቀሙ ሌላ መጨመር ይቻላል። ሁለተኛው ዓይነት በጣም ተፈላጊ ለሆኑ፣ ለምሳሌ ለትሮን፣ ለብቻው የሚሸጥ ነው። በዲዝኒ ሆቴሎች የሚያድር ሰው ከ7 ቀን በፊት፣ ሌላው ከ3 ቀን በፊት መያዝ ይችላል። ዋጋው እንደየቀኑ ስለሚለዋወጥና በሰው ቁጥር ስለሚባዛ ለስድስት ሰው ሲታሰብ ያስደነግጣል። እኛ ግን መግዛት ያለበት የሚሳፈረው ሰው ብቻ መሆኑን ይዘን፣ ለትሮን ለባለቤቴና ለታላቁ ልጅ ብቻ ገዛን፤ የቀረውን በማለዳና በማታ እንወጣዋለን አልን። ለአንድ ቀን ብቻ የሚመጣ፣ በቀትርም ከፓርኩ የማይወጣ ቤተሰብ ግን ሌላ ሒሳብ ቢሠራ ትክክል ነው፤ ለእሱ የመጀመሪያው ዓይነት ዋጋውን ያወጣል ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቡን ያፈሰስነው ይልቅ በግቢው ውስጥ ባለ ሆቴል ላይ ነው፤ ከርካሾቹ አንዱን ያዝን። ምክንያቱ ሁለት ነበር። የዲዝኒ ሆቴል እንግዶች በየቀኑ ከሌላው ሕዝብ 30 ደቂቃ ቀድመው ይገባሉ። ከዚህ ሌላ በመኪና የሚመጣ ሰው ማጂክ ኪንግደም በር ድረስ አይነዳም፤ ከሐይቁ ማዶ አቁሞ በጀልባ ወይም ሞኖሬል በሚባለው የአንድ ሐዲድ ባቡር ይሻገራል። የሆቴሉ አውቶቡስ ግን በሩ አጠገብ ያወርዳል። በቀን ሁለት ጊዜ ለሚገባና ለሚወጣ፣ ዊልቸርና የልጅ ጋሪ ለሚገፋ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በዚያች ግማሽ ሰዓት የሚከፈቱት ፋንታሲላንድና ቱሞሮውላንድ የተባሉት ክፍሎች ብቻ ስለሆኑ እዚያው ተከፈልን። ባለቤቴና ታላቁ ወደ ስፔስ ማውንቴን ሄዱ። እኔ ሁለቱን ትንንሾች ይዤ በቀጥታ ወደ ማዕድኑ ባቡር አመራሁ፤ እናቴ በዊልቸሯ ጥላ ሥር ሆና ቦርሳ ጠበቀችልን። ከዚያ ወጥተን ፒተር ፓን ስንደርስ ሕዝቡ ገና መድረስ እየጀመረ ነበር፤ ስንወጣ ግን ወረፋው ጥግ ዞሮ ነበር። ባለቤቴ ሲመለስ ሁላችንም አንድ ላይ ፊት ለፊት ወዳለው ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ ገባን። መጀመሪያ ለ1964ቱ የኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት የተሠራው የዚህ ጉዞ ሐሳብ፣ የየአገሩን ልብስ የለበሱ አሻንጉሊት ልጆች ሲዘፍኑ በጀልባ ማለፍ ነው፤ ቀዝቃዛና ቁጭ የሚባልበት ስለሆነ ለጿሚ የተመቸ ነው። ወደ አፍሪካው ክፍል ስንደርስ እናቴ አንገቷን አስግጋ «የእኛስ ልጅ የታለች?» እያለች ነጠላ የለበሰች ፍለጋ ግራ ቀኝ ስታማትር ጀልባው አለፈ። ልጆቹ ደግመን እንድንሳፈር የለመኑት ለእሷ ሲሉ ነው፤ ወረፋው ፈጣን ስለነበር ደገምነው።

ቀትር ሳይሆን ወጣን። የውጭ ምግብ ይዞ መግባት የሚከለከል ባይሆንም፣ የጾም ማፍጠሪያዋን የበላችው ሆቴል ነው፤ ከቤት ያመጣነውን እንጀራና በእንፋሎት ማብሰያ የሠራነውን ሽሮ። ለልጆቹ ግን ቆሎና ዳቦ ቆሎ በቦርሳ ውስጥ አልጠፋም፤ የበረዶ ውኃ ደግሞ ምግብ የሚሸጥባቸው ቦታዎች በነፃ ይሰጣሉ።

ማታ ዝናቡ ካባራ በኋላ ስንመለስ ግማሹ ሕዝብ ሄዶ ነበር። ባለቤቴና ታላቁ ትሮንን በተያዘላቸው ሰዓት ገቡ። ለቲያና ደግሞ ወላጆች የሚቀያየሩበትን ሥርዓት ተጠቀምን፤ አንዱ ወላጅ ቁመቱ ያልደረሰውን ልጅ ይዞ ውጭ ይቆያል፣ ሌላው ሲወጣ ደግሞ ወረፋውን ዳግመኛ ሳይጠብቅ ይገባል። ሁለተኛው ወላጅ ሲገባ አብሮት ሰው ማስከተል ስለሚችል፣ ታላላቆቹ ሁለቱ ልጆች ሁለት ጊዜ ተሳፈሩ፤ ሥርዓቱ ለእነሱ ተብሎ የወጣ መሰላቸው። እናቴ በዚያ ሰዓት የመረጠችውን አግኝታ ነበር፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በቱሞሮውላንድ ላይ ቀስ እያለ የሚዞረው ፒፕልሙቨር የሚባለው ባቡር። ርችቱ ሲጀመር ሕዝቡ በፓርኩ መሃል ወዳለው ቤተ መንግሥት ስለሚጎርፍ የመጫወቻዎቹ ወረፋ ይሳሳል፤ ደምቦን ያቆየነው ለዚያ ሰዓት ነበር። ፓርኩ ከመዘጋቱ በፊት ወረፋ ውስጥ የገባ ሰው ሳይሳፈር አይመለስምና፣ ሴቷ የማዕድን ባቡሯን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ደገመችው፤ በዚያ ሰዓት በዲዝኒ የስልክ አፕ ላይ የሚታየው የጥበቃ ጊዜ ከትክክለኛው በዝቶ አገኘነው።

ከአራቱ ፓርኮች ሌላው የሆነውን ኤፕኮትን ለሌላ ቀን መደብነው፤ በአንድ ቀን ሁለት ፓርክ የሚያስገባውን ትኬት ያልገዛነው የእኛ የቀን አከፋፈል ስለማይፈቅድለት ነው። እዚያ ስሌቱ ተገለበጠ። የ11 አገሮች ድንኳኖች ያሉበት የዓለም ትርኢት አብዛኛው ክፍል የሚከፈተው ረፋዱ ላይ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር በ11 ሰዓት ስለሆነ፣ ማለዳውን ፊት ለፊት ላሉት ታላላቅ ጉዞዎች ሰጥተን፣ ማታውን ለእናቴ አዋልነው። ከ11ዱ አገሮች ከአፍሪካ ያለችው ሞሮኮ ብቻ ናት፤ እናቴም ረጅሙን ጊዜ የወሰደችው በእሷ ግቢ፣ የግድግዳውን የሸክላ ጌጥ በእጇ እየዳሰሰች ነው። ለዚያ ምንም ወረፋ አያስፈልግም።