ሱቄን ስዘጋ የማንም ዕዳ አልነበረብኝም

ጎንደር ፒያሳ ላይ የሀገር ባህል ልብስ ሱቅ ነበረኝ። በ2007 ዓ.ም. ከፈትኩት፣ በ2017 ዓ.ም. ጥር ሲያልቅ ዘጋሁት። አሥር ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው። ዛሬ ይህን የምጽፈው በየከተማው ላሜራ በር እያወረዱ ያሉ ነጋዴዎች ስላሉ ነው። አንዳንዶቹ እየደወሉ «እንዴት አደረግሽው?» ይሉኛል። እንዲህ ነው ያደረግኩት።

ፒያሳን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣሊያን የሠራቸው ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱ፣ ወረድ ሲሉ የፋሲል ግንብ። ግንቡን ጎብኝቶ የሚወጣ ሰው ነጠላ ወይ ጋቢ ሳይገዛ አይሄድም ነበር። ጥምቀት በዩኔስኮ የተመዘገበው ታኅሣሥ 2012 ነው። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ሱቄ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 4፣ ኮሮና አገራችን ገባ ተባለ። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ መጣ። ሐምሌ 2015 ደግሞ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ጠፋ። በቴሌግራም ፎቶ እያየ ከአዲስ አበባ የሚያዘኝ ደንበኛ አብሮ ጠፋ።

ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ። ያንበረከከኝ ሌላ ነው፣ እሱንም ቶሎ አላየሁትም።

ሰኔ 2016 ላይ አንድ የሀበሻ ቀሚስ በ6,500 ብር ሸጥኩ። ሸማው፣ ጥለቱ፣ ስፌቱ ሁሉ ተደምሮ 4,800 ብር ነበር የወጣበት። 1,700 ብር አተረፍኩ ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ሐምሌ 22 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጥለቱ የሚሠራበት ክር ከውጭ የሚመጣ ነው። የማጓጓዣውም ዋጋ ወጣ፣ የሸማኔውም የጤፍ ወጪ ወጣ። ጥቅምት ላይ ያንኑ ቀሚስ ላሠራ ብል 6,900 ብር ተጠየቅኩ። በሰኔ ከሸጥኩበት ዋጋ በላይ ነው። ትርፍ ብዬ የበላሁት ለካ ዋናዬን ነው።

ይህ ነገር ሌሎችንም ሲበላ አይቻለሁ። መደርደሪያው በየወሩ ይሳሳል፣ ባለሱቁ ግን ካዝናው ውስጥ ብር ስላለ ሰላም ነኝ ይላል። ከዚያ ወዲህ የገዛሁበትን ዋጋ ትቼ «ነገ ስተካው ስንት ያወጣብኛል?» እያልኩ ነው ዋጋ የማወጣው። ቀደም ብዬ ባውቀው ቢያንስ ሰላሳ ቀሚስ አድን ነበር።

ኪራዩን በቀሚስ መቁጠርም ያኔ ጀመርኩ። ወሩ 15,000 ብር ነው። ከአንድ ቀሚስ ጥሩ ቢሆን 1,500 ብር አገኛለሁ። አሥር ቀሚስ ለአከራይ ብቻ ማለት ነው። ከዚያ መብራት አለ፣ የሠራተኛዬ ደሞዝ አለ፣ ግብር አለ። ነሐሴ 2016 ላይ የሸጥኩት ሦስት ቀሚስ ነው። መስታወቱ ውስጥ ባለው አሻንጉሊት ላይ ያንጠለጠልኩት ነጠላ በፀሐይ በኩል ያለው ጎኑ ቢጫ ሆኖ፣ በግድግዳ በኩል ያለው እንደ ወተት ነጭ ቀርቶ ነበር። አንድ ቀን ልቀይረው አውርጄ ሁለቱን ጎን ሳስተያይ፣ ስንት ወር እዚያ እንደሰቀልኩት ማስታወስ አቃተኝ። ያን ቀን ነው ልቤ የቆረጠው።

ልቤ ቢቆርጥም ወዲያው አልዘጋሁም። ይሉኝታ ያዘኝ። «እሷም ዘጋች» ይላሉ። እናቴ ምን ትላለች? የእቁብ ጓደኞቼስ? በይሉኝታ አራት ወር ተጨማሪ ኪራይ ከፈልኩ፣ 60,000 ብር። በሕይወቴ በጣም የሚቆጨኝ ገንዘብ እሱ ነው። ማንም መጥቶ ምንም አላለኝም። አጠገቤ ያለው ፎቶ ቤትና የጭማቂ ቤቱ ከኔ በፊት ዘግተው ነበር፤ እኔስ ስለ እነሱ ክፉ አስቤ ነበር እንዴ? አዘንኩላቸው እንጂ።

መጀመሪያ የነገርኳት ሠራተኛዬን ነው። ጥቅምት ላይ ነገርኳት፣ ሥራ እንድትፈልግ። ብዙ ሰው መጨረሻ ቀን ላይ ነው ለሠራተኛው የሚናገረው፤ ግፍ ነው። ቀጥሎ አከራዬ ጋ ሄድኩ። ትልቅ ሴት ናቸው። «እትዬ፣ ጥር ሲያልቅ ልለቅ ነው፣ አንቱም ሰው ፈልጉ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ቀድመሽ ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። የቀረኝን ቅድሚያ ክፍያ በመጨረሻዎቹ ወራት አቻቻሉልኝ። ቁልፍ ጥዬ ብጠፋ ይህን አላገኝም ነበር።

ጥር ሲያልቅ ያልኩት በምክንያት ነው። በኛ ከተማ የባህል ልብስ ገበያ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር ማለቂያ ነው። ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ሰው ኪሱ ቢሳሳም ለጥር 11 አንድ ነገር ይገዛል። ዐቢይ ጾም ከገባ ግን ሠርግ የለም፣ ገዢም የለም። ስለዚህ ኅዳር ላይ አዲስ ማሠራት አቆምኩ። ያለውን ብቻ ሸጥኩ። «ልዘጋ ነው» የሚል ወረቀት አልለጠፍኩም፤ እንደሱ ካልክ ሰው ዋጋ እስኪወድቅ ይጠብቃል። ጥር 20 ላይ መደርደሪያው ላይ የቀሩኝ አሥራ አራት ነጠላና ሁለት ጋቢ ነበሩ።

የከበደኝ የዱቤ ደብተሩ ነው። አርባ ሦስት ስም ነበረበት። በየቤታቸው ሄድኩ። ስልክ መደወል አይሠራም፤ ሰው በስልክ «እልካለሁ» ይላል፣ ፊት ለፊት ግን ያለውን ይነግርሻል። ሃያ ስድስቱ ከፈሉ፣ አንዳንዶቹ እዚያው በቴሌብር። አንዷ ባሏ ሥራ ካቆመ ዓመት ሆኖታል፣ ቤቷን ዓይቼ ስሟን ሰረዝኩ። የሱቅ ዱቤ እስከ ስንት ድረስ እንደሚሰጥ ከመጀመሪያው ልክ ማበጀት ነበረብኝ።

ገቢዎችና ንግድ ጽሕፈት ቤት መመላለሱ አሰልቺ ነው፣ ግን እንዳትዘሉት። ሱቁን ቆልፎ ፈቃዱን ኪሱ የሚከት ሰው አለ። ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ በወረቀት ላይ ነጋዴ ነህ፣ ግብሩም ይጠይቅሃል። ግብሬን ዘጋሁ፣ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለባትም የሚል ወረቀት) ወሰድኩ፣ ከዚያ የችርቻሮ ፈቃዴን መለስኩ።

በመጨረሻ የሄድኩት ሸማኔዬ ጋ ነው። ከስምንት ዓመት በላይ አብረን ሠርተናል፣ «አያ» ነው የምላቸው። የ11,400 ብር ቀሪ ነበራቸው እኔ ጋ። ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ከትተው፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ ነበር። ገንዘቡን ሳወጣ ሥራቸውን አላቆሙም። «ሱቅ ከዘጋሽ ለራስሽ ያዥው፣ ቀስ ብለሽ ትሰጪኛለሽ» አሉ። እምቢ ብዬ ድሩ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ያኔ ነው እጃቸው የቆመው። ቆጠሩትና ከሁለት ከፍለው ግማሹን በመሐረብ ቋጠሩ። ለእሳቸው መክፈል የምችልበት ጊዜ ላይ በመዝጋቴ እስከዛሬ ደስ ይለኛል። አራት ወር ብጨምር የምከፍላቸው አይኖረኝም ነበር።

ሁለት ወር ቤቴ ተቀመጥኩ። አለቀስኩም፣ ተኛሁም። ከፋሲካ በኋላ በቤቴ አድራሻ የልብስ ስፌት ፈቃድ አወጣሁ። አሁን አዘዞ፣ ሳሎኔ ውስጥ ነው የምሠራው። ለመደርደሪያ የሚሆን አንድም ልብስ አላሠራም። ትዕዛዝ እቀበላለሁ፣ ግማሹን ቀብድ አስከፍላለሁ፣ ክሩን በዚያው ቀን እገዛለሁ። ክር ነገ ቢወደድ የኔን ዋና አይነካም። ገቢዬ ከሱቁ ዘመን ያንሳል። እጄ ላይ የሚቀረው ግን ከመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ይበልጣል።

ለሚመጣው ጥምቀት አሥራ አንድ ቀሚስ ታዝዣለሁ፣ የሁሉም ቀብድ ገብቷል። አያ ሰኞ ድሩን ይዘረጋሉ።