የዱር ቫዮሌታችን ምደባና ስያሜ፦ ከጦሳ ግርጌ እስከ የጎፍ ደን

በደሴ ዙሪያ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ውኃ በማይጠፋባቸው ቦዮች ዳር፣ እንዲሁም ከኮምቦልቻ ከፍ ብሎ በሚገኘው የየጎፍ ደን ጥላ ውስጥ፣ መሬት ለመሬት እየተሳበች የምትበቅል አንዲት ትንሽ የዱር ቫዮሌት አለች። አበባዋ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥምና አብዛኛው መንገደኛ ሳያያት ያልፋል። ያዩዋት ጥቂቶች ደግሞ ፎቶ ያነሧታል፤ የአንዱ ቦይ አበባ ከሌላው ነጣ ብሎ ሲያገኙትም «ይህችኛዋ የተለየች ናት፣ የራሷ ስም ሊወጣላት ይገባል» ይላሉ። ጥያቄው ከመልካም ፍላጎት የመነጨ ስለሆነ በሚገባው ስፋት ልመልስ እወዳለሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በዚህ አካባቢ ያየኋቸውን የዱር ቫዮሌቶች ሁሉ ቪዮላ አቢሲኒካ በተባለችው ዝርያ ሥር አስቀምጣቸዋለሁ፤ በአበባ ቀለም ላይ ብቻ ተመሥርቶ አዲስ ቫራይቲ፣ ማለትም ከዝርያ በታች ያለ የምደባ ደረጃ፣ መሰየምንም አልደግፍም። ይህን የምለው የወሎ ዕፅዋት ትኩረት አይገባቸውም ብዬ ሳይሆን፣ ከፎቶና ከስም የበለጠ ትኩረት ይገባቸዋል ብዬ ስለማምን ነው።

ተክሏን በእጅ አጉሊ መነጽር ቀረብ ብሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። አምስት የአበባ ቅጠሎች አሏት፤ ሁለቱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ጎንና ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ታች የተዘረጉ ናቸው። መልካቸው ከነጭ እስከ ፈዛዛ ወይን ጠጅ ይደርሳል፤ በታችኛው ላይ ግን ጠቆር ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ወደ አበባው ጉሮሮ ይወርዳሉ፣ ነፍሳትንም ወደ ማሩ ይመራሉ። ይኸው የታችኛው ቅጠል ወደ ኋላ ረዝሞ አጭርና ደንዳና ከረጢት ይሠራል። ከአምስቱ ወንዴ ዘንጎች የታችኞቹ ሁለቱ ጅራት መሳይ ክፍላቸውን ወደዚህ ከረጢት ይሰዳሉ፤ ማሩንም የሚያመነጨው ይህ ጅራት ነው። የቅጠሏ ጠርዝ በደነዙ ጥርሶች የተከረከመ ሲሆን፣ የቅጠሉ እጀታ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስቲፑል የሚባሉ ጥንድ ትንንሽ አካላት ይታያሉ፤ የእነርሱም ጠርዝ እንደ ጋቢ ዘርፍ የተተለተለ ነው። እኔ ከቀለሙ ይልቅ የማምነው ይህን ዘርፍና ያንን ከረጢት ነው፤ ቀለም በጥላና በዕድሜ ይለዋወጣል፣ ናሙናው ሲደርቅም ይጠፋል።

ቫዮሌቶች ለመደብ አውጪ አስቸጋሪ የሚሆኑበት ሌላ፣ ከላይ የማይታይ ምክንያት አለ። ቪዮላ በተባለው በዚህ ወገን (ተቀራራቢ ዝርያዎችን በሚያቅፈው ምድብ) ውስጥ ያሉ ብዙ ዝርያዎች ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣሉ። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው የተከፈተው አበባ ነው። ሁለተኛው ግን ቅጠሉ ሥር ተደብቆ፣ እንቡጥ እንደሆነ ሳይከፈት፣ ራሱን በራሱ አዳቅሎ ፍሬ ይሰጣል። በዚህ መንገድ የተገኙት ዘሮች ከእናት ተክላቸው እምብዛም አይለዩም። ፍሬው ሲበስል በሦስት ክፋይ ይከፈትና ክፋዮቹ እየጠበቡ ዘሩን አስፈንጥረው ይጥሉታል፤ በብዙዎቹም ዝርያዎች ዘሩ ላይ ያለውን ቅባታም ቁራጭ የሚወዱ ጉንዳኖች ተሸክመው ትንሽ ራቅ ያደርጉታል። እንግዲህ አንዲት ነጣ ያለች ተክል በአንድ ቦይ ዳር ከበቀለች፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቦዩን ሙሉ እርሷን የሚመስሉ ልጆቿ ቢሞሉት ምን ይገርማል? ተመልካች ግን በዚህ ቦይ ሁሉም ነጫጭ፣ በዚያ ቦይ ሁሉም ወይን ጠጅ መሆናቸውን ሲያይ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ያገኘ ይመስለዋል። በዓለም ላይ ከ600 በላይ ዝርያዎች ባሉት በዚህ ወገን፣ ለጥቃቅን ልዩነት ሁሉ ስም ሲወጣ፣ ቆይቶም ስሙ ሲሻር የኖረው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

የስሟ ታሪክም ቢሆን የስያሜ ሥራ እንዴት ያለ ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ያሳያል። ቪዮላ የሚለው የወገን ስም የዕፅዋት ስያሜ መነሻ ተደርጎ በሚወሰደው፣ እ.ኤ.አ. በ1753 በታተመው የሊኔየስ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። የዝርያዋ ሙሉ ስም ደግሞ ሲጻፍ ከኋላው «ስቶይዴል ኤክስ ኦሊቨር» የሚል ይከተለዋል። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ፣ ዓድዋን መኖሪያው አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 እዚያው እስኪሞት ድረስ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሯል። የላካቸውን የደረቁ ናሙናዎች በጀርመን ኤስሊንገን ከተማ ተቀብለው ለአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ካከፋፈሉት መካከል አንዱ ስቶይዴል ነበር። ስቶይዴል ስሙን አወጣ፤ ይሁንና በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ስያሜ ሕግ ፊት የሚጸና መግለጫ ከስሙ ጋር አልታተመም። በኪው የዕፅዋት ማዕከል ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ኦሊቨር፣ የሐሩር አፍሪካን ዕፅዋት በሚዘረዝረውና እ.ኤ.አ. በ1868 በወጣው የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ መግለጫ ሰጥቶ ስሙን አጸናው። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለችው «ኤክስ» ይህን ሁሉ ታሪክ ትሸከማለች፤ አሳቢው ስቶይዴል፣ አጽኚው ኦሊቨር ማለት ነው።

ስለ ቫራይቲ ለሚጠይቁኝ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው የቪዮላ ኤሚኒ ጉዳይ ይመስለኛል። ጀርመናዊው ኤንግለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች የተገኘችና ትልልቅ አበባ ያላት ቫዮሌት በእጁ ስትገባ፣ ከቪዮላ አቢሲኒካ ነጥሎ ሊያቆማት አልደፈረም፤ በእርሷ ሥር «ቫራይቲ ኤሚኒ» ብሎ በአፍሪካ ይዞር ለነበረው አሳሽ ለኤሚን ፓሻ መታሰቢያ ሰየማት። ከጊዜ በኋላ ስዊድናዊው ሮበርት ፍሪስ ልዩነቱ ከቫራይቲ በላይ ነው ብሎ ስላመነ ወደ ዝርያ ደረጃ ከፍ አደረጋት፤ ዛሬም ቪዮላ ኤሚኒ ተብላ የምትታወቀው በዚህ ነው። ተክሏ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ስለ ደረጃዋ የተሰጠው ፍርድ ነው። ስሟ ሲጻፍ ኤንግለር በቅንፍ ውስጥ፣ ፍሪስ ከቅንፉ ውጭ ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ የሰየመውን ሰው ድካም ሳያጠፋ የኋለኛውን ውሳኔ የሚመዘግብ አጻጻፍ ነው።

ይህ የቅንፍ አጻጻፍ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። የአደይ አበባ ሳይንሳዊ ስም ባይደንስ ማክሮፕቴራ ሲሆን፣ በስሙ መጨረሻ ከቅንፍ ውጭ የሚነበበው «መስፍን» የሚል ነው፤ ተክሉን ከነበረበት ሌላ ወገን ወደ ባይደንስ ያዛወሩት የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ናቸውና። ሌሎች ሊቃውንት በቤተሰብ ስማቸው ሲጠቀሱ የእኛዎቹ በገዛ ስማቸው መጠቀሳቸውን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ወደ ደረጃዎቹ እንመለስ። ከዝርያ በታች በተለምዶ ሦስት ደረጃዎች ይሠራባቸዋል። ንዑስ ዝርያ የሚባለው ሰፋ ያለ የራሱ መልክዓ ምድር ሲኖረው ነው። ቫራይቲ ከዚያ ዝቅ ያለ ሆኖ በአንድ አካባቢ ወይም በአንድ ዓይነት መኖሪያ ተወስኖ የሚገኝ፣ ከአንድ በላይ በሆኑ ጠባዮች የሚለይ የተክሎች ስብስብ ነው። ፎርም ደግሞ በአንዲት ጠባይ ብቻ፣ ለምሳሌ በአበባ ንጣት፣ ከባልንጀሮቹ መካከል የሚለይ ነው። ስለዚህ ነጯ ቫዮሌታችን ከንጣቷ ሌላ ልዩነት ካልተገኘባት፣ ቢበዛ ፎርም ብትባል ነው፤ የዘመኑ ተመራማሪዎች ደግሞ ለፎርም ስም ማውጣትን እየተዉት መጥተዋል። የስያሜ ሕጉ ራሱ እነዚህን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይደነግጋል እንጂ የትኛው ልዩነት ለየትኛው ደረጃ እንደሚበቃ አይወስንም። ይህን የሚወስነው የመርማሪው ሚዛን ነው፤ ኤንግለርና ፍሪስ የተለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ከዚህ ጋር እንዳይደባለቅ እፈልጋለሁ። ገበሬዎቻችን ቁንጮ የሚሉት ጤፍ በምርምር ተዳቅሎና ተመርጦ የወጣ የእርሻ ዓይነት ነው፤ በሰው እጅ የተገኘና በሰው እጅ የሚጠበቅ በመሆኑም የእርሱ ስም አወጣጥ በሌላ ሕግ ይተዳደራል። በየአትክልት መሸጫው የምናያቸው ፓንሲ የሚባሉት ባለ ትልልቅ ፊት የአትክልት ቫዮሌቶችም እንዲሁ ናቸው። በዱር ውስጥ ለሚገኝ ቫራይቲ የሚያገለግለው ሕግ እነርሱን አይመለከትም። በመስኮት ላይ የምትቀመጠው «የአፍሪካ ቫዮሌት» ደግሞ ጭራሹን ቫዮሌት አይደለችም፤ ከታንዛኒያ አካባቢ የመጣች የሌላ ቤተሰብ ተክል ናት።

አዲስ ቫራይቲ ለመሰየም ሕጉ የሚጠይቀው ግልጽ ነው። ደረጃው ተለይቶ መነገር አለበት፤ በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ መግለጫ ወይም መለያ ነጥብ መጻፍ አለበት፤ ስሙ የሚታሰርበት አንድ ዋቢ ናሙና ተለይቶ የተቀመጠበት ቤተ መዘክር መጠቀስ አለበት፤ ይህም ሁሉ በሕጉ ተቀባይነት ባለው ኅትመት መውጣት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በኢንተርኔት ብቻ የሚወጡ መጽሔቶች ተቀባይነት ቢያገኙም መስፈርት አላቸው፤ በማኅበራዊ ገጽ ላይ በፎቶ ሥር የተጻፈ ስም ስያሜ ሆኖ አይቆጠርም። በተጨማሪም በቪዮላ አቢሲኒካ ሥር አንድ ቫራይቲ በተሰየመ ቁጥር የቀረው የዝርያው ክፍል ወዲያውኑ «ቪዮላ አቢሲኒካ ቫራይቲ አቢሲኒካ» ይሆናል። ስለ ጦሳዋ ነጭ አበባ የምንወስነው ነገር ሌሎቹን ሁሉ በስም ይነካቸዋል ማለት ነው።

ስለዚህ አበባዋን የምትወዱ ሰዎች የምለምናችሁ ናሙና በአግባቡ እንድታደርቁ ነው። ተክሏ ብዙ ሆና ከምትገኝበት ቦታ ብቻ ውሰዱ። ሥሯን፣ ቅጠሏን፣ የተከፈተ አበባዋንና ከተገኘም በቅጠል ሥር የተደበቀውን እንቡጥ አንድ ላይ በጋዜጣ መካከል ዘርግታችሁ በክብደት ተጫኑ፤ ጋዜጣውን እስክትደርቅ ድረስ በየቀኑ ለውጡ፣ አለበለዚያ በደሴ ጭጋግ ወራት ትሻግታለች። በመግለጫው ወረቀት ላይ የቦታውን ስም፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የሰብሳቢውን ስም፣ ከማን ጥላ ሥር እንደበቀለች፣ ከጥድ ይሁን ከወይራ ወይስ ከባሕር ዛፍ፣ እንዲሁም የአበባዋን ቀለም ከመጥፋቱ በፊት ጻፉ። በዚያው ቦታ ነጭና ወይን ጠጅ ተቀላቅለው ከሆነ ይህም ይጻፍ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ ይህ ነው። ናሙናው በጥንድ ቢዘጋጅ አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ማኖሪያ) ሊሰጥ፣ ሌላው እዚሁ ለማስተማሪያ ሊቀር ይችላል።

ከናሙናው ባሻገር ደሴና ኮምቦልቻ ለዚህ ጥያቄ የተሰናዳ የሙከራ ቦታ ናቸው። በመካከላቸው የሐረጎ ዳገት ያለባቸው፣ በሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚገኙ፣ ነገር ግን በግምት 600 ሜትር የከፍታ ልዩነት ያላቸው ሁለት ከተሞች ናቸው። ከነጯና ከወይን ጠጇ ቫዮሌት የተሰበሰበ ዘር በአንድ ዓይነት አፈር፣ በአንድ ዓይነት ጥላና ውኃ፣ በሁለቱም ከተሞች ጎን ለጎን ይዘራ። በአዲሱ ቦታ ሁሉም አንድ መልክ ከያዙ ልዩነቱ የአፈርና የጥላ ነበር፣ ስምም አያስፈልገውም። ንጣቷ ብቻ ከትውልድ ትውልድ ከቀጠለ የፎርም ጉዳይ ነው። ከንጣቷ ጋር የከረጢቷ ርዝመት፣ የስቲፑሏ ዘርፍና የቅጠሏ ቅርጽ በሁለቱም ከተሞች ተለይተው ከቆዩ ግን አቋሜን ትቼ የቫራይቲን ስያሜ ከሚደግፉት ጋር እቆማለሁ።