ድልድዩን ማን ሠራው?

አውስትራሊያ መሐንዲስ ትፈልጋለች ሲባል እውነት ነው። ግን መሐንዲስ ነህ አይደለህም የሚለውን ዲግሪህ ብቻውን አይጨርሰውም። በሙያ ለመሄድ የሚያመለክት ሰው መጀመሪያ ሙያውን ማስገምገም አለበት። ነርሱም፣ አስተማሪውም፣ የሒሳብ ባለሙያውም የየራሱ ገምጋሚ አለው። የእኛ የመሐንዲሶቹ ኢንጂነርስ አውስትራሊያ የሚባለው ማኅበር ነው። የሲቪል መሐንዲስነት የሙያ መለያ ቁጥር ደግሞ 233211 ነው። የባለቤቴን ስልክ በቃሌ አላውቅም፤ ይህቺን ቁጥር ግን ተኝቼ እያንኮራፋሁም እጠራታለሁ።

የዋሽንግተን ስምምነት የሚባል ነገር አለ። በዚህ ስምምነት በታቀፈ አገር፣ እውቅና ባለው ትምህርት የተመረቀ መንገዱ ቀለል ይልለታል። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ አለችበት። እኛ የለንበትም። ስለዚህ እኛ ታሪክ እንጽፋለን። በሠራናቸው ፕሮጀክቶች ላይ ሦስት ታሪክ፣ በእንግሊዝኛ፣ እያንዳንዱ ከ1000 እስከ 2500 ቃላት፣ አንቀጹ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት። ካሪየር ኤፒሶድ ይሉታል። ተከታታይ ድራማ ይመስላል አይደል? ቆይ፣ ይሆናል።

ዋናው ሕግ፣ «ሠራን፣ ገነባን፣ አስረከብን» ማለት አይቻልም። «አሰላሁ፣ መረጥኩ፣ አሻሻልኩ፣ ወሰንኩ» ነው የሚባለው። ቡድኑ የሠራው አያገባቸውም። አንተ ምን ሠራህ ነው ጥያቄው። እኔ ደግሞ ራሱን የሚያሞግስ ሰው ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ በዓይን በሚጠቃቀስበት ነው ያደግኩት። የመጀመሪያውን ረቂቅ ሜልበርን ለሚኖር የዶርም ጓደኛዬ ላክሁለት። ደወለና፣

«እዚህ ውስጥ አንተ የለህም እኮ» አለኝ። «ሳይት ላይ ውሃ ስታመላልስ የከረምክ ነው የምትመስለው። በናትህ ትንሽ ጉራህን ልቀቅ።»

ለቀቅኩት።

አንድም ውሸት አልጻፍኩም። «አሰላሁ» ያልኩትን አስልቻለሁ። «መረጥኩ» ያልኩትን መርጫለሁ። ችግሩ ሌሎቹ የሠሩት አለመጻፉ ነው። ታሪኩ ሲያልቅ ድልድዩን ብቻዬን የሠራሁት ሆነ። ወንዙንም ያመጣሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይህን ታሪክ ጽፈው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ከፍለህ የሌላ ሰው ድልድይ ትገዛለህ። ያው ድልድይ ለስንቱ እንደተሸጠ እግዜር ይወቀው። ገምጋሚዎቹ ደግሞ መኮረጅን የሚለይ ሶፍትዌር አላቸው፤ የተያዘ ሰው ይታገዳል። እኔ ባጭሩ፣ የራሴው ድልድይ እያለልኝ የሰው ድልድይ ምን ያደርግልኛል አልኩ። የራሴ እንዳልሆነ የተነገረኝ በኋላ ነው።

ከታሪኩ ጋር የሥራ ልምድ ይያያዛል። የእኛን አገር የሥራ ልምድ ደብዳቤ ታውቁታላችሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይልና፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በዚህ የሥራ መደብ፣ በወር ብር ይህን ያህል እየተከፈላቸው፣ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮም ተቆርጦ ገቢ የተደረገ መሆኑን እንገልጻለን ብሎ ያበቃል። ማኅተም። ቲተር። ጎበዝ ግብር ከፋይ መሆኔን ከዚህ በላይ የሚመሰክር ወረቀት የለም። መንገድ ይሥራ ሽንኩርት ይቸርችር ግን አይናገርም።

ቀኑስ? ዲግሪዬ በፈረንጅ አቆጣጠር ሐምሌ 2011 ይላል። ደብዳቤው ሥራ የጀመርኩት በሐምሌ 2003 ነው ይላል፤ በእኛ መሆኑን ሳይናገር። አንድ ፈረንጅ ቁጭ ብሎ ሲያነበው፣ ሳልመረቅ ስምንት ዓመት መንገድ የሠራሁ ነኝ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ሳይት ኢንጂነር! ሥራ የለቀቅኩበት ወር ደግሞ ጳጉሜ ነው። የአባቴን ስም አልነግራችሁም። እሺ፣ አሰፋ ነው፤ ዲግሪዬ ላይ በሁለት ኤስ፣ ፓስፖርቴ ላይ በአንድ ኤስ። ይህን በቃለ መሐላ ጨረስኩት።

የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሄጄ የሥራ ዝርዝር ያለበት ደብዳቤ ስጠይቅ፣ የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ፎርማታችን ይሄ ነው። ዝርዝሩን የቅርብ አለቃህ ይጻፍልህ።»

የቅርብ አለቃዬ ኢንጂነር ናቸው። ስማቸው አለ፤ ግን ማንም አይጠራውም። ያኔ ፕሮጀክት ማናጀር ነበሩ፤ አሁን መገናኛ አካባቢ የራሳቸው ቢሮ አላቸው። አርቅቄ የወሰድኩላቸውን ደብዳቤ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ሳላነብ ፈርሜ አላውቅም» አሉኝ።

የክፍያ ሰርተፊኬት ላይ ቡና እየጠጡ፣ በስልክ እያወሩ፣ ገጹን በአውራ ጣታቸው እየገለበጡ ሲፈርሙ አብሬያቸው ነበርኩ። ዝም አልኩ።

«እዚህ ላይ 'በተያያዘው ታሪክ እንደተገለጸው' ይላል። ተያያዡስ?»

ተያያዡን ሰጠኋቸው። ቀይ እስክሪብቶ ከመሳቢያ አወጡ። ያን ጊዜ ነው ሆዴ የተንቦጫቦጨው።

«'የመሠረቱን ጥልቀት ወሰንኩ' ይላል። የወሰንከው አንተ ነህ?»

«አዎ ኢንጂነር፣ ማለቴ አስልቼ ያቀረብኩት እኔ…»

«ያጸደቀውስ?»

«እርስዎ።»

«ታዲያ እኔ የት አለሁ?»

የድርጅቱ መዋቅር መግባት ስላለበት ቻርት ሠርቼ ነበር። ገለጥኩና አሳየኋቸው። «ይኸው እዚህ አሉ ኢንጂነር። ከእኔ በላይ ያለው ሳጥን ውስጥ።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«በቁሜ ሳጥን ውስጥ ከተትከኝ?»

ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ስልካቸውን አንስተው ላውድ ስፒከር ላይ አድርገውታል። የደወሉት ለፎርማኑ ነው። ዛሬም አብሯቸው ይሠራል፤ ሳይት ላይ ነበር፣ ከጀርባው ሚክሰር ይጮሃል። ኢንጂነር የጻፍኩትን አንቀጽ በአንቀጽ እየተረጎሙ አነበቡለት።

«ማን ነኝ ነው የሚለው?» አለ ፎርማኑ። «የአርማታ ሙሌቱን ሌሊት ስንሞላ እኮ እሱ ፒክአፕ ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ነበር!»

የአርማታው ጥንካሬ የሚፈተሽበትን ኩብ ናሙና ልወስድ ነው የቆየሁት ብል ማን ይስማኝ። ፎርማኑ ሰርቬየሯን ጨመራት። እሷ ደግሞ አልጮኸችም፤ ረጋ ብላ፣ «የከፍታ ልኬቱን፣ ሌቭሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ እንዲያውም የልኬት መነሻው ቤንችማርክ ላይ ምሳ ዕቃውን አስቀምጦበት ያውቃል» አለች። ስቶር ኪፐሩ ገባ። ሲሚንቶ ከአገር በጠፋበት ሰሞን ከሌላ ሳይት ለምኖ ያመጣው እሱ ነው፤ ያለ ሲሚንቶ ድልድይ አለ ወይ? ሾፌሩም ገባ። ወንዙ ሞልቶ ሳለ ብረቱን ያሻገረው እሱ ነው። ያለ ድልድይ!

አንድ ሰው የጥበቃውን ቁጥር ሲፈልግ ሰማሁ።

ከዚያ እርስ በርሳቸው ጀመሩ። ፎርማኑ ሌቭሉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ስቶ እንደነበር አነሳ። ሰርቬየሯ የአርማታው ቅርጽ ማውጫ ፎርምወርክ ማበጡን አስታወሰች። ስቶር ኪፐሩ ያልተመለሱ ጓንቶች እንዳሉ ተናገረ። ኢንጂነር ቀዩን እስክሪብቶ ይዘው በእያንዳንዱ «እኔ» ላይ መስመር እየሳቡ፣ ከጎኑ የባለቤቱን ስም ይጽፋሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ድልድዬ በቁሙ ሲከፋፈል ዓየሁ። ውርስ ያለኑዛዜ ሲቀር እንዲህ ነው የሚሆነው።

በመጨረሻ ፎርማኑ ሳያዝንልኝ አልቀረም።

«ያቺን ቱቦዋን ግን እሱ ነው» አለ። «እውነቱን እንናገር።»

ሁሉም ዝም አሉ። «እሷንስ እሱ ነው» አለች ሰርቬየሯም።

ቱቦዋ ማለት ፓይፕ ከልቨርት ነች። ከመንገዱ ሥር ውሃ የምታሳልፍ። ፕላኑ ላይ ባለ 90 ሳንቲ ሜትር አንድ ቱቦ ነበረች። አንድ ክረምት ዝናቡ ሲመጣ ውሃው እሷን ትቶ ራቅ ብሎ በአንዲት እናት የጤፍ ማሳ ውስጥ ገብቶ መንገዱን በላው። በነጋታው ሄድኩ። ጤፉ ተኝቶ ነበር። አጥሩ ላይ፣ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጭቃው እስከደረሰበት ድረስ መስመር ሠርቷል። እናትየዋ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ውሃው ድሮም በዚህ ነው መንገዱ። ማን ጠየቀን?» አሉኝ። የጭቃውን ከፍታ በሜትር ለካሁ። ካርታ አውጥቼ የተፋሰሱን ስፋት እንደገና ወሰድኩ፤ በራሽናል ሜተድ የሚመጣውን ውሃ አሰላሁ። አንዷ ቱቦ እንደማትችለው፣ ቦታዋም እንዳልሆነች ወጣ። ሁለት ቱቦ ጎን ለጎን፣ እናትየዋ ባሳዩኝ ቦታ እንዲሆን ለኮንሰልታንቱ ጻፍኩ። እሺ እስኪሉኝ ፀጉሬ ሸበተ።

ለሜልበርኑ ጓደኛዬ ድልድዬን ተቀምቼ አንድ ቱቦ ብቻ እንደቀረኝ ነገርኩት። እያለቃቀስኩ ነበር።

«አንተ ጅል!» አለኝ። «ይሄ እያለህ ነው በድልድይ የምታደርቀኝ? ፕሮጀክቱ ስንት ቢሊዮን ነው አይሉህም እኮ። ምን ችግር ገጠመህ፣ ምን አሰብክ፣ እንዴት ፈታኸው ነው የሚሉህ።»

እውነቱን ነው። ድልድዩ ወጣ፣ ቱቦዋ ገባች። በ2500 ቃላት ስለ አንዲት ቱቦ ይጻፋል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ መጨረሻ ላይ ቃላት በዛብኝና ቀነስኩ። ኢንጂነር ደብዳቤውን ፈረሙ። «በእኔ የቅርብ ክትትል» የምትል ሐረግ በየአንቀጹ ከጨመሩ በኋላ ነው። ቻርቱ ላይ ያለውን ሳጥን ደግሞ ክብ አስደረጉት።

ግምገማው በፕሮፌሽናል ኢንጂነርነት አለፈ። ይህ ቪዛ አይደለም። ለቪዛ ለመሰለፍ የሚያበቃ ወረቀት ነው። ከዚያ በኋላ ነጥብ አለ፤ ከ65 በታች ከሆንክ አትሞክረው። ለዕድሜ፣ ለእንግሊዝኛ፣ ለትምህርት፣ ለሥራ ልምድ ይሰጣል። ለዕድሜ ብዙ የሚሰጠው ከ25 እስከ 32 ላለ ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ ይቆነጥሩብሃል። አሁን ለቪዛ አመልክት የሚለውን ግብዣ እየጠበቅኩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኢንጂነር ደወሉ።

«ያ ነገር ምን ደረሰ?»

«አለፈ ኢንጂነር።»

«እንዴት አያልፍ! የፈረምኩት እኔ ነኝ።» ትንሽ ዝም አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ… ለእንደኔ ዓይነቱ ሰውስ ይሆናል?»

«ዕድሜ ነው ኢንጂነር። 45 የሞላው ሰው አይጋበዝም።»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

«በሁለቱም ያው ነው።»

«እንዴት ያው ይሆናል?» ብለው ጮኹብኝ። «ሰባት ዓመት፣ ስምንት ዓመት ወደኋላ ነን ስትሉን የኖራችሁት ታዲያ ለመቼ ነው?»