«ቁረጠውና ጣለው» ያሉኝ ካታላይዘር

ታኅሣሥ ነበር፣ የጤፍ ውቂያ ጊዜ። ከሐይቅ ወደ ቢስጢማ ሲሚንቶ ጭኜ ዳገቱን በ2ኛ ማርሽ ስገፋ ቆየሁ። መንገድ ላይ አንድ አውድማ አየሁና በመመለሻዬ የምጭነውን ጤፍ ልነጋገር ብዬ ወጣ አድርጌ አቆምኩ። መሬቱ ላይ ጭድ ተበትኗል። ልብ አላልኩትም።

አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። የአውድማው ባለቤት፣ ሽማግሌ ናቸው፣ «አንተ ልጅ፣ መኪናህ ትጨሳለች!» አሉኝ። ሞተሩን አጥፍቼዋለሁ እኮ፣ ምኗ ነው የሚጨሰው ብዬ ዞር ስል ጭሱ የሚወጣው ከሆዷ ስር ነው። የተከመረው ጤፍ ደግሞ ሃያ እርምጃ አይርቅም። ልጆቹ አፈር በእጃቸው እየዘገኑ፣ እኔ የጄሪካኑን ውሃ እየደፋሁ አጠፋነው። «አላህ ነው ያተረፈን» አሉ ሽማግሌው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናዬ ከዱባይ የመጣች ያገለገለች ትንሽ የናፍታ ጭነት መኪና ናት። ካታላይዘር አላት። እኛ አገር ብዙዎቹ አሮጌ የናፍታ መኪኖች ይሄ ነገር የላቸውም፣ ስለዚህ ሹፌሩም መካኒኩም እንደ ትርፍ ዕቃ ነው የሚያየው። ከተርቦው፣ ማለትም አየር ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ዕቃ፣ ቀጥሎ ጭስ ማውጫው ላይ ያለ ወፍራም ሆድ ነው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ አለ፤ ሸክላው በስሱ ፕላቲኒየምና ፓላዲየም ተቀብቷል። ያልተቃጠለ ናፍታና ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚያ ሲያልፍ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለወጣል። ይህን ለመሥራት ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ200 ዲግሪ በታች ብዙም አይሠራም። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ከዚያ እጥፍ ሊግል ይችላል። ደረቅ ጭድ ሲነካው ምን እንደሚሆን አውድማው ላይ አይቻለሁ።

መኪናዋ ስር ስገባ ዋናው ጥፋት የኔ እንደሆነ ገባኝ። ካታላይዘሩን ከስር የሚከልለው ላሜራ የለም። ወራት በፊት ወደ ባቲ ስመላለስ አንድ ነገር ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር። ጋራዥ ሳስገባት ልጁ ዝጎ የላላውን ላሜራ ነቅሎ «ጌጥ ነው» ብሎ ወረወረው። ኳኳታው ስለጠፋልኝ አመስግኜ ጉርሻ ጨምሬ ወጣሁ።

ታሪኩን ደሴ ላይ ስናገር ሁሉም አንድ ቃል ነው ያለው፦ «ቁረጠው»። ሆዱን ቆርጦ ማውጣት፣ በምትኩ ባዶ ቱቦ መበየድ። ግማሽ ቀን አይፈጅም። ጉልበት ትጨምራለች፣ ናፍታ ትቀንሳለች አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ አዘነበለ። ያስጠረጠረኝ አንድ በያጅ ነው። «የብየዳውን ዋጋ አልቀበልህም፣ ቁራጩን ብቻ ተውልኝ» አለኝ። ለማይረባ ዕቃ እንዲህ ያለ ቸርነት የት አለ? ውስጡ ያለው ብረት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከኔ በላይ ያውቃል።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው መቁረጡ ችግሬን አይፈታውም። ባዶ ቱቦም ከተርቦው ስር ሲወጣ ይግላል፤ ጭድ ሲነካው ያው ነው። ደግሞ መኪናዋን የማሳድረው ልጆቼ ከሚተኙበት መስኮት ስር ነው። ጠዋት ጠዋት ሳሞቃት የሚገባላቸውን ጭስ ማባስ አልፈለግሁም።

ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። አንድ የረጅም ዘመን መካኒክ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ካታላይዘሩን ትቶ ስለ ጠዋት ጭሷ ጠየቀኝ። ደሴ ብርድ ነው፤ ስትነሳ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ታወጣለች አልኩት። «እሱ ነዋ» አለኝ። ኮምቦልቻ ወስጄ ናፍታውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አስፈተሽኩ። ከአራቱ አንዱ ያንጠባጥባል። ሲሊንደር ውስጥ ሳይቃጠል የሚያልፈው ናፍታ ካታላይዘሩ ውስጥ ነበር የሚቃጠለው፤ ለዚህ ነው ከልክ በላይ የሚግለው። ቆርጬው ቢሆን ኖሮ ኢንጀክተሩ እያንጠባጠበ ፒስተኔን እስኪበላው ድረስ ላላውቅ እችል ነበር። ጭሷ እንኳ የማውቀው ጭስ ስለነበር ለምጄው ነበር።

ኢንጀክተሩ ተቀየረ። ቀጥሎ ከለላው።

የመጀመሪያውን ከቤት ክዳን በተረፈ ቆርቆሮ ሠራሁት። ሞኝነት ነበር። ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ነው፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ያሳምማል። የበየደልኝ ልጅ ማታውን ብርድ ብርድ ሲለው አደረ። እሱም ሳይበቃ ቆርቆሮው ስስ ስለሆነ በሁለት ሳምንት ብሎኑ ጋ ተሰንጥቆ የጠጠር መንገድ ላይ ቀረ።

ሁለተኛውን ከ1.5 ሚሊሜትር ላሜራ አሠራሁ፣ ጎንና ጎኑ ወደ ላይ የታጠፈ፣ እንደ ገንዳ። ጠንካራ ነበር፣ ኮራሁበት። ከሦስት ቀን ሥራ በኋላ ስር ገብቼ ሳየው ገንዳው ጭድ ሞልቶታል። ለእሳቱ ጎጆ ሠርቼለት ነበር! ይሄ ከምንም ከለላ አለመኖር ይብሳል።

ሦስተኛው አሁን ያለው ነው። ያንኑ ላሜራ ጎኖቹን ቆርጬ ዝርግ አደረግሁት። የፊቱ ጫፍ ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው፣ ሣር እንዳይዝቅ። ኋላው ዝቅ ብሎ ክፍት ነው፣ የገባው እንዲወድቅ። በሱና በካታላይዘሩ መካከል ሁለት ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ሙቀቱን የሚያበርደው ብረቱ ብቻ አይደለም፣ በመካከል የሚያልፈው ነፋስ ነው። አንዱ ወዳጄ በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ጠቅልለው ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፣ እርጥበትና ዘይት ሲጠጣ ደግሞ ራሱ ጣጣ ነው።

አያያዙ ላይ ብዙ ተከራከርን። በያጁ ሆዱ ላይ በቀጥታ ልበይደው አለ። ከለከልኩት፤ የብየዳው ሙቀት ውስጡ ያለውን ሸክላ ሊሰነጥቀው ይችላል። ሻንሲው ላይ፣ የመኪናዋ አጽም ላይ ማለት ነው፣ ማሰርም አይሆንም፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቱቦው አብሮ ስለሚሄድ ከላሜራው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ከካታላይዘሩ ፊትና ኋላ ያለው ቱቦ ላይ በብረት መታጠቂያ አሰርነው፤ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ብሎኑ እንዳይላላ ብዬ ፕላስቲክ ያለበት ዳዶ ገዝቼ ነበር፤ ፕላስቲኩ ቀለጠ። አሁን ሁለት ተራ ዳዶ አንዱን ባንዱ ላይ ነው የማጠብቀው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ከሚሠራ ጓደኛዬ ሳይነኩ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ተዋስኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ በጭነት ወጥቼ ደሴ መግቢያ ላይ ለካሁ። ካታላይዘሩ 390 ዲግሪ፣ ላሜራው ከስር በኩል 130። ሁለቴ ለካሁት፣ ስላላመንኩ።

ማታ ማታ ስትቀዘቅዝ እጄን ከላሜራው በላይ አስገብቼ የተረፈ ጭድ ካለ አወጣለሁ። ከዳገት በኋላም ወዲያው አላጠፋትም፣ ሁለት ደቂቃ ትንፋሽ እሰጣታለሁ።

ዘንድሮ ያው አውድማ ሄድኩ። ሽማግሌው ከሩቅ አዩኝና አንዱን ልጅ በመጥረጊያ ላኩት። ጭዱን ጥርግ አድርጎ መኪናዋን የሚያህል ባዶ መሬት አዘጋጀ። «አባባ፣ አሠርቻታለሁ እኮ» አልኳቸው። «ቢሆንም» አሉኝ፣ «እዚያ ላይ ቁም»።