አብሮ ማደግና የትዳር ፍላጎት

ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በአንድ ቤት ያደጉ ልጆች፣ ዝምድና ባይኖራቸውም እንኳ፣ ካደጉ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወንድና ሴት አይፈላለጉም። ይህን በ1891 እ.ኤ.አ. ያነሳው ፊንላንዳዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ኤድቫርድ ዌስተርማርክ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ፍሮይድ አልተቀበለውም። ክርክሩን በማስረጃ ለመፈተን ካስቻሉት ቦታዎች አንዷ ታይዋን ናት።

በሰሜን ታይዋን ብዙ ገበሬዎች የወደፊት ምራታቸውን በጨቅላነቷ ወስደው ያሳድጉ ነበር፤ «ሲምፑዋ» ይሏታል። ጥሎሹና የድግሱ ወጪ ይቀራል፣ አማትም በእጇ ያደገች ታዛዥ ምራት ታገኛለች። አንዳንዷ አማት ራሷ ጡት አጥብታ ነው የምታሳድጋት። ልጆቹ አብረው በልተው፣ አብረው ተጫውተው ካደጉ በኋላ ለአቅመ ትዳር ሲደርሱ ባልና ሚስት ሁኑ ይባላሉ።

አንትሮፖሎጂስቱ አርተር ዎልፍ በጃፓን ቅኝ ግዛት ዘመን የተያዘውን የቤተሰብ መዝገብ ይዞ ከ14 ሺህ በላይ ሴቶችን የትዳር ታሪክ መረመረ። እንዲህ የተጋቡት በወጉ ተድረው ከተጋቡት የበለጠ ይፋታሉ፣ የሚወልዱትም ያነሰ ነው። «በማደጎ ስለተጎዱ ይሆናላ» የሚል ይኖራል። ነገር ግን በማደጎ አድገው ሌላ ቤት የተዳሩት ሴቶች የወሊድ ቁጥር አልቀነሰም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሴቷ 3 ዓመት ሳይሞላት ከመጣች ነው፤ ከዚያ በኋላ ከመጣች እየሳሳ ይሄዳል። ያኔ የነበረው የባልየው ዕድሜ ያን ያህል አይወስንም። ከዚህ ተነስቶ «ወንዱ ምንም አይሰማውም» ማለት ግን ችኮላ ነው፤ መዝገቡ የያዘው ወሊድንና ፍቺን እንጂ ስሜትን አይደለም።

አእምሮ ወንድምና እህትን በምን ይለያል? በ2007 እ.ኤ.አ. በሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዴብራ ሊበርማንና ባልደረቦቿ የታተመው ጥናት ሁለት ምልክት ይጠቁማል። ታላቅየው እናቱ አራስ እህቱን ስታጠባ ያያል፤ ይህ ይበቃዋል። ታናሽየው ያንን ማየት ስለማይችል የሚመራው አብረው በኖሩባቸው ዓመታት ነው።

ሁለቱም ምልክት በሌለበት ያለመፈላለጉ ስሜት አይፈጠርም። በ12 ዓመታቸው በወላጆቻቸው ጋብቻ የተገናኙ ልጆችን «ወንድምና እህት ናችሁ» ማለት ብቻውን አያመጣውም። በእኛ አገር ሰባት ቤት መቁጠር የሚሠራው ዘመዱ ከታወቀ ነው። አባት ከሌላ ሴት የወለደው ልጅ ተደብቆ ሌላ ከተማ ካደገ ግን ቆጠራውም አብሮ ማደጉም የለም። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ የወንድምና እህቶቹን ስምና የት እንዳሉ ልጆቹ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ሳይደርሱ ሊነግራቸው ይገባል።