ወይራን በሳህን፦ ግንድ ይቅደም፣ ሳህን ይከተል

ዛፍን በትንሽ ሳህን አሳንሶ የማሳደግ ጥበብ ቦንሳይ ይባላል፤ የጃፓን ቃሉ ራሱ «በሳህን የተተከለ» ማለት ስለሆነ ጀማሪ ሁሉ ቀድሞ የሚፈልገው ሳህኑን ነው። ጣት የምታክል ችግኝ ጠፍጣፋ ሸክላ ውስጥ ስትገባ ግን መወፈሯን ታቆማለች ማለት ይቻላል። ሥር መሄጃ ሲያጣ ቅጠል ያንሳል፤ ቅጠል ሲያንስ ግንዱ በምን ይወፍራል?

ስለዚህ ከችግኝ ጣቢያ የገዛሁትን ወይራ መጀመሪያ መሬት ላይ ተክዬ እንደ ልቡ እንዲያድግ ተውኩት። ግንዱ 4 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብዬ በመጋዝ ቆረጥኩት። ጥድ እንዲህ ቅጠል አልባ ሆኖ ቢቆረጥ ይደርቃል፤ ወይራ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ ግን ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ይህን ደረጃ ማሳጠር አይቻልም። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች መናፈሻ) ሄዳችሁ የያማኪን ጥድ እዩት፦ ከ1625 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው እጅ የኖረ፣ በ1945 ከሂሮሺማ ቦምብ የተረፈ ቦንሳይ ነው።

ወደ ሳህን ያዛወርኩት በመጋቢት ሲሆን ከሥሩ ከሲሶ በላይ አልቆረጥኩም። አፈሩ ሁለት እጅ ሬዳሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ አንድ እጅ ፑሚስ (ቀላል፣ ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ነው። ሬዳሹ መነፋት አለበት፤ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለውን ብቻ አስቀረሁ። ዱቄቱ ሳህኑ ሥር ተኝቶ ውሃ ያቁራል፣ የወይራ ሥር የሚበሰብሰውም በዚሁ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ብዙ ሰው የጠማው መስሎት ውሃ ይጨምርበታል። በጣት 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ መፈተሽ ይቀድማል።

ቅርንጫፉን አጥፌ ቅርጽ ለማስያዝ ሽቦ ያሰርኩት አዲስ ቅጠል ካወጣ በኋላ ነው። 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) የሚባለው ነጠላ የኤሌክትሪክ መዳብ ፕላስቲኩ ሲገፈፍ 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ የሽቦው ውፍረት የቅርንጫፉን ሲሶ ይሁን ስለሚባል ለ5 ሚሊ ሜትር ቅርንጫፍ ይበቃል። ከሰል ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሎ ማቀዝቀዝ ያለሰልሰዋል። አንዴ ከታጠፈ መልሶ ስለሚጠነክር ያገለገለውን ሽቦ ሳያግሉ መድገም አይሆንም። በ45 ዲግሪ ማዕዘን ጠመዘዝኩት።

እርሳስ የሚያህለው ቅርንጫፍ ከብብቱ የተሰነጠቀብኝ ሽቦውን ግንዱ ላይ ሳልጠመዝዝ ከቅርንጫፉ ስለጀመርኩ ነው። አንዱን ሽቦ በግንዱ ዙሪያ አሳልፎ ሁለት ቅርንጫፍ ማሰር ይሻላል፤ ጥምዙም በመታጠፊያው ውጭኛ ጎን ላይ ይረፍ፣ ቅርፊቱን የሚደግፈው እሱ ነው።

አሁን የቀረው ክርከማ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጣፍጠውም ይኸው። የወይራ ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፣ እያንዳንዱም ጥንድ ከታችኛው ጋር ይመሳቀላል። ወደ ግራና ቀኝ ከሚያመለክተው ጥንድ በላይ ስቆርጥ ቅርንጫፉ እንደ መዳፍ ይዘረጋል። ወደ ላይና ወደ ታች ከሚያየው ጥንድ በላይ ከቆረጥኩ አንዱ ቀንበጥ ሽቅብ ይቆማል፣ ሌላው ጥላ ውስጥ ይደርቃል።

ሽቦው ቅርፊቱን መንከስ ሲጀምር በጉጠት እየቆራረጥኩ አወጣለሁ። መልሶ መፍታት ቀንበጡን ይሰብራል።