ደመናው ደንገጎ ላይ ሲጠቁር

«ደመና?» አሉ አዴ፣ የቤቱ እናት። ቡና እየቀዱ ነበር። ጀበናው አየር ላይ ቀረ። «ልጄ፣ እኛ ደመና ስናይ ልጆቻችንን ነው የምንሰበስበው። አንተ ስልክ ቁጥራችንን እዚያ ላስቀምጥ ትላለህ?»

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር፣ እሳቸው ቤት ተሰብስበን ነበር። ስምንት ሴቶች፣ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች፣ እኔና አብሮኝ የሚሠራው ልጅ። ክላውድ የሚለውን ቃል ላስረዳ ብዬ «በእንግሊዝኛ ደመና ማለት ነው» አልኩ። ሌላ ከተማ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር። ደቻቱ ዳር ለሚያድር ሰው ግን ደንገጎ ላይ የጠቆረ ደመና እንቅልፍ ይነሳል።

ድሬዳዋን ለማያውቅ ልንገር። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። አብዛኛውን ዓመት ውሃ የለውም፤ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሰው አቋርጦት ወደ ገበያ ይሄዳል። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎ፣ ወደ ሐረር ከሚወስደው ተራራ ነው። ታች ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ጎርፉ ከተፍ ሊል ይችላል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ሌሊት ሰው በተኛበት መጣ። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ግራና ቀኝ ግንብ ተሠርቷል። ቢሆንም በሚያዝያ 2012 ጎርፉ እንደገና ሕይወት ቀጥፏል።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ሙያዬ ሶፍትዌር ነው። ኬንያውያን እ.ኤ.አ. በ2008 ከምርጫው በኋላ ግጭት ሲነሳ የሠሩትን ኡሻሂዲን ሳውቅ ልቤ ተነካ። ስሙ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። ሰው ያየውን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል፤ ካርታ ላይ ይወጣል። ታዲያ ለምን እኛ ስለ ደቻቱ እንዲህ አንሠራም አልኩ።

ችግሩ ብቻዬን መሥራቴ ነበር። ሦስት ወር ቤቴ ተቀምጬ አፕ ሠራሁ። ካርታ አለው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይበራል። ያን ቀን አዴ ቤት ይዤው የሄድኩት ይህን ነው። አዴ ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩኝ። ባለቁልፍ ስልክ ናት። የኋላ ክዳኗ ስለተሰበረ ባትሪው በላስቲክ ታስሯል። የቁጥር 5 ቁልፍ ጽሑፉ ጠፍቷል።

«ያንተ ነገር እዚህ ላይ የት ይገባል?» አሉኝ። ለማሾፍ አልነበረም። በእርግጥም ማወቅ ፈልገው ነው።

የትም አይገባም። የሦስት ወር ሥራዬን ያን ቀን ተውኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ባዶ እጄን ሄድኩ። ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ። አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ ያን ሌሊት ማን ቀሰቀሳችሁ? አንዷ የጎረቤት ጩኸት አለች። አንዷ በር ሲደበደብ አለች። አንዷ ውሻው አለች። አዴ ባለቤታቸውን ጠሩና ዝም አሉ። ሌሎቹም ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። እስከዛሬ በሥራዬ ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ካርታ ያነሳ አንድም ሰው የለም። ሁሉም ያነሱት ድምፅ ነው፤ የሚያውቁት ሰው ድምፅ።

ስለዚህ ሥራው ተገለበጠ። ላይ፣ ደንገጎና ከዚያ ወዲህ ባሉ መንደሮች የሚኖሩ ጠባቂዎች ዝናቡንና ውሃውን ያያሉ። አንድ ቃል ይልካሉ። ታች ያለው ሰው በሚያውቀው ድምፅ ስልኩ ይጠራል። በቃ።

«አንድ ቃል» ያልኩት የባጃጅ ሾፌሩ ሐሳብ ነው። ዝናብ እየመታው፣ ጨለማ ውስጥ የቆመ ሰው ቅጽ አይሞላም። ቃሉ ግን በየቱ ቋንቋ? ድሬ ውስጥ ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በኦሮምኛ ሎላ፣ በሶማልኛ ዳድ፣ በአማርኛ ጎርፍ። ሦስቱንም እንዲያውቅ አደረግን። ከዚያ ሴቶቹ «ሰው ሲደነግጥ ፊደል ይስታል» አሉ። እውነት ነው። በላቲን ፊደልም ሆነ በግዕዝ፣ ተሳስቶም ቢጻፍ እንዲገባው አደረግን። ይኸ ብቻ ሁለት ሳምንት ወሰደ። ከሠራሁት ኮድ ሁሉ ዋጋ ያለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመልእክቱን ቃል ደግሞ እኔ ጽፌ ነበር። «በአካባቢዎ የጎርፍ ስጋት ስላለ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እናሳስባለን» ይላል። ሳነብላቸው ተያዩ። «አቦ፣ ይህን ሰምቶ ማን ይነሳል?» አለች አንዷ ወጣት። አዴ ደብተሩን ተቀብለው ልጃቸው እንዲጽፍ ነገሩት፦ «ደቻቱ ሞላ። ልጆቹን ይዘሽ አሁን ውጪ። ወደ ላይ።» ድምፁንም ራሳቸው ቀዱት። ሦስት ጊዜ ቀዳን። አንዴ ዶሮ ጮኸ፤ አንዴ ቬንቲሌተሩ ይሰማ ነበር። በሦስተኛው ቬንቲሌተሩን አጥፍተን፣ በላብ ተጠምቀን ቀዳነው። ሶማልኛውን ጎረቤታቸው፣ ኦሮምኛውን ቀፊራ ገበያ አትክልት የምትሸጥ ሴት ተናገሩት። ዛሬም ስልኩ ሲጠራ የሚሰማው የእነሱ ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ክላውዱ ልምጣ። የኔ ሙያ ነውና ትንሽ ልቆይበት።

ብዙ ሰው «አንድ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ቀበሌ ብታስቀምጡ አይበቃም?» ብሎ ጠይቆኛል። አይበቃም። ጎርፉ በሚመጣበት ሌሊት መብራት ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ያለበት ቢሮ ራሱ ውሃ ሊገባው ይችላል። ክላውድ ማለት የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ፣ በኢንተርኔት በኩል፣ በፈለግነው ልክ መጠቀም ነው። የእኛ ፕሮግራም ኬፕታውን ነው ያለው። ድሬ ላይ መብራት ሲጠፋ እዚያ አይጠፋም።

ሁለተኛው ምክንያት ደቻቱን ይመስላል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ትርጉም ውስጥ ክላውድ አምስት ባሕርያት አሉት። ለእኛ የጠቀሙን ሁለቱ ናቸው። አንዱ ሥራ ሲበዛ ወዲያው መስፋቱ፣ ሲቀንስ መጥበቡ ነው። ሌላው በተጠቀምንበት ልክ መክፈላችን ነው። የእኛ አገልግሎት ወራት ሙሉ ደረቅ ነው። ማንም አይልክም፣ ማንም አይደውልም። ከዚያ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ይመጣል። የራሳችን ሰርቨር ቢኖረን ለዚያች ሰዓት ስንል ዓመቱን ሙሉ እንከፍላለን። ፕሮግራሙን መልእክት ሲመጣ ብቻ እንዲነቃ አድርገን ስለሠራነው በደረቁ ወራት የምንከፍለው የአንድ ጀበና ቡና ዋጋ አይሞላም። ለአዴም ያስረዳኋቸው እንዲህ ነው። «ደቻቱ ውስጥ ውሃ ሲኖር ብቻ የምንከፍልበት ቤት ነው» አልኳቸው። «እንዲህ አትለኝም ኖሯል!» አሉ።

አንድ ጊዜ ግን ተቃጥያለሁ። ለሙከራ ክላውዱ ላይ የከፈትኩትን ዳታቤዝ፣ የመረጃ ማከማቻ ማለት ነው፣ ሳልዘጋ ረሳሁት። በኅዳር፣ ዝናብ በሌለበት ወር፣ የስድስት ወር ገንዘባችን እንደ ዋዛ ሄደ። ያውም ዶላር። እዚህ አገር ለክላውድ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ምን ያህል ወገብ እንደሚቆርጥ የሞከረው ያውቀዋል። አሁን ወጪው ከመጠን ሲያልፍ ስልኬ ላይ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህንን የመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ። እናንተ ብትጀምሩ ከኮዱ በፊት እሱን አድርጉ። ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ የሚል አገልግሎት አለው። ከፊሉን ሥራ ወደዚያ ለማዛወር እየሞከርን ነው።

የመጨረሻው እርምጃ፣ ስልኩን የማስጠራቱ፣ ክላውድ አይደለም። ሁለት ስማርት ስልኮች ናቸው። አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም አለው፣ ሌላው የሳፋሪኮም። ሳፋሪኮም ሥራውን በነሐሴ 2014 ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው እዚሁ ድሬ ስለነበር ብዙ የሰፈር ሰው ሲሙ አለው። ስልኮቹ በተለያየ ሰፈር ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸው ፓወር ባንክ አላቸው። አንድ ስልክ ግን ለመቶ ሰው በአንዴ አይደውልም። በተራ ነው። እዚህ ላይ ትልቅ ክርክር ተነሳ። ማን ይቅደም?

እኔ ለወንዙ ቅርብ የሆነው ይቅደም ብዬ ነበር። ግልጽ መሰለኝ። አዴ እንቢ አሉ። «ቅርብ ያለው ጎረምሳ ዘሎ ይወጣል። ራቅ ብላ ያለች የአልጋ ቁራኛ እናት ያላት ልጅ ግን አራት ሰው ካልጠራች አትወጣም።» ሁለት ስብሰባ ተከራከርን። በመጨረሻ ተራውን ሴቶቹ ራሳቸው አወጡት። እያንዳንዱን ቤት ያውቁታል። ማንም የመረጃ ባለሙያ እንዲህ አድርጎ አያወጣውም።

ግን ደግሞ ማን ታማሚ እንዳለው የሚያሳይ ዝርዝር ኬፕታውን ማስቀመጥ አለብን? አንዲት እናት «የልጄ ሕመም ከዚህ ቤት አይወጣም» አለች። ልክ ናት። ስለዚህ እኛ ጋ ያለው ስልክ ቁጥር፣ ቋንቋና የተራ ቁጥር ብቻ ነው። 7ኛ ለምን 7ኛ እንደሆነ ኮምፒውተሩ አያውቅም። ሴቶቹ ያውቃሉ። ስምም አንይዝም። በኋላ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲወጣ አንብቤ ደስ አለኝ። እነዚያ እናቶች ከሕጉ ቀድመው ነበር።

ከሁሉ የከፋው ቀን የነሐሴው ሌሊት ነው። አንድ ጠባቂ ስልኩን ለልጁ ሰጥቶ፣ ልጁ «ሎላ» ብሎ ላከ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሰው ሁሉ ተነስቶ ወጣ። አሮጊቶችን ተሸክመው ወጡ። ውሃ የለም። በማግስቱ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አዴ ደግሞ «አንዴ በከንቱ መሮጥ ይሻላል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን ሰው አይነሳም» አሉኝ። እንዲያውም መፍትሔውን ያመጡት እነሱ ናቸው። አሁን ሁለት ጠባቂዎች ከተለያየ መንደር ካላረጋገጡ ጥሪ አይወጣም። አንድ ብቻ ከላከ ታች ወዳሉ ሦስት ሰዎች ይሄዳል፤ እነሱ ወጥተው ወንዙን ያያሉ። ኔትዎርክ ከጠፋም እነዚያ ሦስቱ ፊሽካ አላቸው። ፊሽካውን ገበያ ሄደን የገዛነው ዕለት ልጆች ሰፈሩን ሙሉ ሲነፉት ዋሉ።

ቀበሌውስ? መጀመሪያ ስንሄድ «ማስጠንቀቂያ መስጠት የመንግሥት ሥራ ነው» ተባልን። ተናደድኩ። ዛሬ ሳስበው ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለት ቦታ የተለያየ ነገር ከተነገረ ሰው ይሞታል። ስለዚህ የአደጋ ጉዳይ የሚከታተለው ሠራተኛም ከአረጋጋጮቹ አንዱ ሆነ። ጥሪው ሲወጣ እሱ ጋ ቀድሞ ይደርሳል። ማስቆም አይችልም፤ ማረጋገጥ ግን ይችላል። ይህች ልዩነት ለመስማማት አራት ወር ፈጅታለች።

ባለፈው ጥር ደንገጎ ወጣሁ። ከጠባቂዎቻችን አንዱ ድንች የሚያመርት ገበሬ ነው። ሁለት ክረምት ሌሊት እየተነሳ ሲያይልን ቆይቷል። ሻይ እየጠጣን ሳለ ረጋ ብሎ ጠየቀኝ። «ታች ላሉት እኔ አያለሁ። ለእኔስ ታች ሆኖ የሚያይልኝ ማነው?»

ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ድንቹን ጭኖ ቀፊራ ሲደርስ ዋጋው ምን እንደሆነ አያውቅም። ደላላው የነገረውን ይቀበላል። ወንዙ ዳር ካሉት ሴቶች ግን ሦስቱ እዚያው ገበያ ናቸው፤ በየማለዳው ዋጋውን ያዩታል። መስመሩ አለ። ስልኮቹ አሉ። እስከዛሬ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነበር የሚፈሰው።

በልጉ ሳይገባ ጨረስነው። አሁን በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ አዴ ሰፈር ያለችው አትክልት ሻጭ የዕለቱን የድንችና የሽንኩርት ዋጋ በድምፅ ትልካለች። የመጀመሪያው ቀን ገበሬው መልሶ ላከ። ሰባት ሰከንድ ነው። ነፋስ ይሰማል፣ ራቅ ብሎ አህያ ይጮኻል። «ሰምቻለሁ» ይላል። «ሰማዩ ጥሩ ነው። ተኙ።»